የማክሰኞ ዓሣ

ኦትዋ ስትጸልይ ሰምቶ የማያውቅ ሰው በእኛ ከተማ በአቡራኖ የለም። ድምፅዋ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ አልፎ፣ የዓሣ ማጨሻ ምድጃዎቹን አልፎ፣ ጀልባዎቹ ተጎትተው እስከሚቆሙበት አሸዋ ድረስ ይደርሳል። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ምጥ ሲጠና፣ ሞተር ባሕር መሀል ሲቆም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ሐኪሙ ጋ የሚሮጠው ከዚያ በኋላ ነው። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ኧረ እንዴት አድርጋ ታውቃለች! በገበያ መሀል ስታልፍ አንገቷን ያን ያህል ቀና የምታደርገው ቁመት አጥሯት እንዳይመስላችሁ።

ያን ሰሞን የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት የሚጎበኝ አንድ ሐዋርያ ወደ እኛ ሊመጣ ነበር። ማክሰኞ ማታ ራቱን ኦትዋ ቤት እንዲበላ ተወሰነ። ሰኞ ሴቶቹ ተሰብስበው ምን እንደሚሠራ ሲነጋገሩ የፓስተር አዶ ሚስት፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ "ምን ያደርጋል፣ ማክሰኞ ሆነብን እንጂ ትኩስ ዓሣ እናበላው ነበር" አለች።

"በእኔ ቤት እንግዳ ያደረ ዓሣ አይበላም!" አለች ኦትዋ። አፏን ሞልታ ነው ያለችው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በማክሰኞ ከየት ልታመጣው ነው?

በእኛ ባሕር ማክሰኞ ማንም ሰው መቅዘፊያ አያነሳም። ቀኑ የባሕሩ ነው፤ ያርፋል። መረብ ይጠገናል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ያልተኛ ይተኛል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም እኩል ይጠብቀዋል፤ ያፈረሰውን ሰው የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናና ክዋንሳ ዳሳቸው ሥር ያቆሙታል፣ በግ ያመጣል፣ በከተማው ፊት ይዋረዳል። ኦትዋ በልቧ ይህን ነገር የጣዖት ሕግ ነው ትላለች። ግን በልቧ ነው። በአፏ ለናና ብላቸው አታውቅም፤ ድፍረቱ እዚያ ድረስ አይደለም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ኤኮን ወደ ምድጃዎቹ ጓሮ ጠራችው። ኤኮ ኬንኬ፣ ማለትም የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ የምትሸጠው የአጁዋ አንድያ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ የራሱ ትንሽ ታንኳ አለው። በስድስት ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ ሦስት ቀን ከአልጋው ሥር ያልተነሳችው ኦትዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እሷ ተቀመጥ ካለችው ይቀመጣል፣ ተነሳ ካለችው ይነሳል።

"ኤኮ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። እምቢ እንዳትለኝ።"

"እርስዎ ደግሞ! ይዘዙኝ እንጂ ምን ልመና ያስፈልጋል፣ እማማ።"

"ነገ ጎህ ሳይቀድ ሦስቱ ድንጋዮች ጋ ሄደህ ቀይ ዓሣ አውጣልኝ። አምስት ትበቃኛለች። ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ ተመልሰሃል።"

ኤኮ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። አለመቀለዷን ሲያይ ጭንቅላቱን አከከ።

"ነገ እኮ ማክሰኞ ነው።"

"ማክሰኞን ማን ፈጠረው?"

"እግዚአብሔር ነዋ።"

"እና እኔ ጠዋት ማታ የማናግረው ማንን ነው?"

"እሱስ ልክ ነዎት... ግን ናና ከሰሙ ቆዳዬን ነው የሚገፉት። ደግሞ ድንጋዮቹ ጋ ብቻዬን በዚያች ታንኳ..."

"ማን ይነግራቸዋል? አንተ አትናገር፣ እኔ አልናገር። ለእናትህም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል፤ እሷ ሆዷ ነገር አይችልም። እኔ በጸሎት እሸፍንሃለሁ። ሸፍኜህ አላውቅም?"

"ሸፍነውኛል" አለ ኤኮ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሕይወቱን በአንድ ወቅት የለመነችለትን ሴት በምን አንደበቱ እምቢ ይበላት?

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ኦትዋ ተንበርክካ ጸለየችለት። ይህን እንኳ አትንፈጓት፣ ጸልያለች። ከዚያ ተነስታ በርበሬ መፍጨት ጀመረች። ፀሐይ ወጣች፤ ኤኮ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ይመጣል አለች። ረፋድ ላይ ነፋስ ተነሳ፣ የዘንባባዎቹ ቅጠል ወደ አንድ ወገን ተኛ፤ ኤኮ አልመጣም። ሰው እንዳያየው ብሎ ከድንጋዮቹ ጀርባ ቆይቶ ይሆናል፣ ማታ ይመጣል አለች። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጊዜ እስከ ናና ዳስ ድረስ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሁለተኛው ናና ራሳቸው "ምን ጠፋብሽ ኦትዋ?" አሏት። "ምንም ናና፣ ንፋስ ልቀበል ነው" አለች።

ማታ ሐዋርያው መጣ። በዘንባባ ፍሬ ሾርባ ውስጥ የሰኞ ዓሣ፣ ያውም የተጨሰ፣ ቀረበለት። ጣቱን እየላሰ በላ። "እህታችን፣ እንዲህ ያለ ትኩስ ዓሣ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ!" አላት። አላወቀም። ልዩነቱን ጭራሽ አላወቀም! ኦትዋ ፈገግ ብላ ሾርባ ጨመረችለት።

እሱ ገና ሳይጨርስ አጁዋ በር ላይ ቆመች። እጇ ላይ የኬንኬ ሊጥ ደርቋል፤ ሥራዋን ጥላ ነው የመጣችው።

"ይቅርታ፣ እንግዳ ላይ ገባሁ። ኦትዋ፣ ኤኮን አይተሽዋል? ከጠዋት ጀምሮ የለም። ታንኳዋም የለች።"

"አላየሁትም" አለች ኦትዋ።

እውነቷን ነው፣ በዚያን ቀን አላየችውም። እንዲህ ያለ እውነት ሲመቸን እንዴት እንደምናገኘው!

"አይዞሽ" ብላ ጨመረች፣ "እጸልያለሁ።" አጁዋም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች። አመስግናት ሄደች።

ረቡዕ ማለዳ ከተማው በሙሉ ባሕሩ ዳር ነበር። ናና ክዋንሳ የሥርዓቱን መጠጥ ውሃው ላይ አፍስሰው፣ ባሕሩን ይቅርታ ጠይቀው፣ ሁለት ባለ ሞተር ጀልባ ወደ ምሥራቅ ሰደዱ። ምሥራቅ የሆነበት ምክንያት አለው። ኤኮ መረቡን የሚጥለው በዚያ በኩል ወንዙ አፍ ላይ ነው፤ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ሊያጠምድ የፈለገ ሰውም የሚደበቀው እዚያ ነው። ሦስቱ ድንጋዮች በምዕራብ ናቸው። በትንሽ ታንኳ ብቻውን እዚያ የሚሄድ እብድ ብቻ ነው፣ ኤኮ ደግሞ እብድ አይደለም። ስለዚህ ወደዚያ ማንም ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ኦትዋ አየች። ጀልባዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ ቆማ አየች። አፏ ተከፈተ፣ መልሶ ተዘጋ። አሁን ብናገር ትናንትስ ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል አለች። ያደረ ነገር ነው፤ በየሰዓቱ ለመናገር እየከበደ ሄዷል። ደግሞስ ባሕር አንድ አይደል? ዞረው ዞረው ያገኙት ይሆናል።

ፓስተር አዶ ሴቶቹን ሰበሰበ። አሸዋው ላይ ተንበረከኩ፤ አጁዋ መሀል፣ ኦትዋ ከጎኗ።

"ልጁ ሕግ አፍርሷል" አለ ፓስተሩ። "እኛ ባናመልከው እንኳ የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ለአለቆቻችሁ ታዘዙ ተብለናል። እንግዲህ መጀመሪያ ስለ በደሉ ምሕረት እንለምንለት። እማማ ኦትዋ፣ ይምሩን።"

መራች። ምን ታድርግ፣ መራች።

"ጌታ ሆይ፣ ልጅ ነው! ልጅነት አታልሎት ነው! እልኸኝነቱን አትቁጠርበት! የታላላቆቹን ቃል ንቆ ሄዷል፣ አንተ ግን ምሕረትህ ብዙ ነው!" ድምፅዋ እንደ ወትሮው ከፍ አለ። ሴቶቹ "አዎ ጌታ ሆይ!" ይላሉ። "አንተ ያለበትን ታውቃለህ! ጀልባዎቹን ምራቸው! ለናና ግለጥላቸው!"

ናና የተቀመጡት ከእሷ አርባ እርምጃ ርቀው ነበር። በሰማይ በኩል ዞሮ እንዲደርሳቸው የምትለምነውን ነገር ተነስታ ብትነግራቸው ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ይህ ለራሷም ታወቃትና ፊቷን እሳት በላው። ዓይኗን ጨፈነች። ሰው አልቅሳ ነው አለ።

ከዚያ አጁዋ ጀመረች። አጁዋ በጉባኤ መሀል ጸልያ አታውቅም፤ ዝምተኛ ናት፣ ድምፅዋ የሚሰማው "ኬንኬ፣ ትኩስ ኬንኬ" ስትል ብቻ ነው። አሁን ግን በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ ጎረቤቷን እንደምታናግር ሆና ተናገረች።

"ጌታዬ፣ ልጄ አጥፍቷል፣ እሺ። ግን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አባቱ ከሞተ ወዲህ እየራራሁለት ሳልቆጣው ቀርቼ ይሆናል። ማክሰኞን አክብር ብዬ አጥብቄ አልነገርኩት ይሆናል። አንተ ፈራጅ ነህ። ትክክል ፍረድ። ፍርድህን በእውነተኛው ጥፋተኛ ላይ አድርገው። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። እኔን ውሰድና እሱን መልሰው።"

ያች ምስኪን ሴት አሸዋ ላይ ተደፍታ፣ ያላየችውን ያልሰማችውን ጥፋት፣ የኦትዋን ጥፋት፣ አንስታ በራሷ ላይ እየጫነች ነው። ኦትዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

አጁዋ እጇን ያዘቻት። "ኦትዋ እህቴ፣ እኔ መናገር አልችልም። አንቺ በይልኝ። ያንቺ ይሰማል። ያኔም አንቺ ነሽ የመለስሽልኝ።"

ኦትዋ አፏን ከፈተች። የለመደችው ቃል አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው።

"ጌታ ሆይ... አጁዋ አይደለችም። አጁዋ ምንም አላደረገችም። ልጁም አይደለም። በደለኛዋ እኔ ነኝ። የላክሁት እኔ ነኝ! በዚህ አፌ ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ የላክሁት!"

"አሜን!" አሉ ሴቶቹ። "አሜን! አሜን! ማርልን!"

እንዲህ ያለ ነገር የእኛን ጉባኤ የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ ለሌላ የሚማልድ ሰው የዚያን ሰው ኃጢአት እንደ ልብስ ይለብሰዋል። አምና የቤተ ክርስቲያኑን ጄኔሬተር አንድ ጎረምሳ ሰርቆ ሲያዝ፣ ኦትዋ እንባዋን እያወረደች "ሰርቄአለሁ ጌታ ሆይ፣ እጄ ረክሷል" ብላ ጸልያለታለች፤ ቤቷን የፈተሸ የለም። አሁንም እንደዚያው መሰላቸው። ፓስተር አዶ ራሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ "ምልጃ ማለት ይህ ነው! አያችሁ፣ ምልጃ ማለት ይህ ነው!" አለ። አንዷ ሴት መሬት ላይ ተንከባለለች። ጩኸቱ ቀለጠ።

ኦትዋ ዓይኗን ገለጠች። ማንም አልሰማም። ተናግራለች፣ በሁሉም ፊት፣ ከሁሉም ጮክ ብላ ተናግራለች፣ ግን ማንም አልሰማም።

እና ታምኑኛላችሁ? ትንሽ ቀለል አላት። ተናግሬአለሁኮ፣ አለች በልቧ፤ ካልሰሙ የኔ ጥፋት ነው? እግዚአብሔር ሰምቷል። ይበቃል። በኋላ ከሁሉ ነገር አብዝቶ ያሳፈራት ያ ቀለል ያላት ጊዜ ነው። ከዓሣው ይልቅ፣ "አላየሁትም" ካለችው ይልቅ። ቁና ቁና ከሚተነፍሱት ሴቶች መሀል ተንበርክካ፣ ሰው እያደነቃት፣ እፎይ ያለችበት ጊዜ።

በዚያው ቅጽበት የሞተር ድምፅ ተሰማ። አንደኛው ጀልባ ከምሥራቅ ተመለሰ። ከሩቅ ሰዎቹ እጃቸውን አላነሱም፤ ያገኘ ሰው እጁን ያነሳል። አጁዋ አየች። አልጮኸችም። የኦትዋን እጅ ብቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ሌላ የምትይዘው የላትም።

ኦትዋ እጇን ከእጇ አላቀቀች። ተነሳች። ጉልበቷ ላይ ያለውን አሸዋ እንኳ ሳታራግፍ ወደ ናና ዳስ ሄደች። ሴቶቹ እየጸለዩ ነው፣ ተመስጣ መሰላቸው።

ሴት ዳሱ ውስጥ አትገባም። ምሰሶው ጋ ቆመች።

"ናና።"

"ጸልዪ ልጄ፣ ጸልዪ" አሉ ናና ሳያይዋት። ነዳጅ ስለሚሞላው ሰው ነበር የሚያስቡት። "አሁን እንደገና እልካቸዋለሁ።"

"ጸሎት አይደለም ናና። ኤኮ ምሥራቅ የለም። ሦስቱ ድንጋዮች ጋ ነው። የላክሁት እኔ ነኝ።"

ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ አትጠይቁኝ። ከአጠገቧ ያለው ሰው እንኳ በደንብ አልሰማትም።

"ምን አልሽ?"

ደገመችው። እንዲያ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

ናና ቀስ ብለው ዞሩ። "መቼ ላክሽው?"

"ሰኞ ማታ።"

"ትናንት ዳሴ ድረስ መጥተሽ ንፋስ ልቀበል ነው ስትዪኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ዛሬ ጀልባዎቹን ወደ ምሥራቅ ስልክ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ነበር።"

"ቆሜ ነበር።"

"ለምንድን ነው?"

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ስለ ጣዖት፣ ስለ እምነት ነጻነት፣ ስለ እንግዳ ክብር። አንዱም አልወጣም።

"ለአምስት ዓሣ" አለች። "ያደረ ዓሣ አላበላም ብዬ ነበር።"

ናና አልተሳደቡም። ቢሳደቡ በወደደች። ፊታቸውን ከእሷ መልሰው "ነዳጁን ተዉት፣ ያለው ይበቃል! ወደ ምዕራብ! ድንጋዮቹ ጋ! ገመድ ያዙ!" ብለው ጮኹ፤ ሰዎቹ ጀልባውን እየገፉ ሮጡ። ሞተሩ ተነስቶ ርቆ ሄደ። ጸሎቱም ቆሟል። ወሬ እግር የለውም፣ ግን ከዳሱ ሴቶቹ ጋ ለመድረስ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አልፈጀበትም።

ስትዞር አጁዋ ከኋላዋ ቆማለች። ትመታኛለች ብላ ጠበቀች። አጁዋ ግን ፊቷን ትክ ብላ አይታ፣

"ስንቅ ምን ሰጠሽው?" አለች።

"እ?"

"ለመንገድ። ከኔ ኬንኬ ምንም አልወሰደም፣ ቆጥሬአለሁ። ሰው ባሕር ስትልኪ የሚበላ ትሰጪዋለሽ። ምን ሰጠሽው?"

"ምንም" አለች ኦትዋ። "እጸልይልሃለሁ አልኩት።"

አጁዋ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደ ገባው ሰው። ከዚያ ወደ ውሃው ዳር ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። አንዷ ሴት ሄዳ ነጠላ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ኦትዋ አጠገብ የመጣ የለም። የፓስተሩ ሚስት በአጠገቧ ስታልፍ ልብሷን ሰብሰብ አደረገች፤ አስባው ላይሆን ይችላል፣ ኦትዋ ግን አይታዋለች።

ፓስተር አዶ "እንግዲህ... እንጸልይ" አለ። ማን ይምራ? ጉሮሮውን ጠረገ፣ ራሱ ጀመረ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብሎ ተወው።

ኦትዋ ከተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ጀርባ ሄዳ ተደፋች። ለመጸለይ ሞከረች። ፍርድህን አሳይ እንዳትል ፍርዱ የሚመጣው በማን ላይ ነው? ማረኝ እንዳትል በምን ዓይኗ? የሰው ጉዳይ ይዛ ስትገባ በሩን የምትከፍተው ገፍታ ነበር፤ አሁን እጀታው ጠፋባት። በመጨረሻ "ፍርድ ከሆነ እዚህ ነኝ። እዚህ አለሁልህ። እሱ ላይ አታውርደው" አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ ይህንኑ እየደጋገመች አሸዋው ውስጥ አፏን ቀብራ ከሰዓት በኋላ ሆነ።

ጀልባው ሲመጣ እጆች ተነስተው ነበር።

ጩኸቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አጁዋ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገባች። "እኔን ይድፋኝ! እኔን ይድፋኝ ልጄ!" ኤኮን በሁለት ሰው ደግፈው አወረዱት። ታንኳዋ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ድንጋዩ ላይ ተሰባብራለች፤ እሱ ቀኑንም ሌሊቱንም ድንጋዩን አቅፎ፣ ማዕበሉ እየሸፈነው እየገለጠው ቆይቷል። ደረቱና ጭኑ ተልጧል፣ እግሩን ዛጎል ሸርክቶታል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ግን ቆሟል። በሕይወት አለ።

ውሃ ሰጡት። ሁለት ጉንጭ ጠጣ። ከዚያ ናና ክዋንሳ ዘንጋቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ፤ ሥርዓት ነው፣ ማክሰኞን ያፈረሰ ሰው ማን እንደላከው ሳይናገር ከእርጥቡ አሸዋ ወደ ደረቁ አይረግጥም። ናና መልሱን ያውቁታል። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ሥርዓቱ ከልጁ አፍ ነው የሚፈልገው።

"ኤኮ። በማክሰኞ ባሕር የላከህ ማን ነው?"

ኤኮ ቀና አለ። ዓይኑ በሕዝቡ መሀል ፈለገ፣ ፈለገና ከሁሉ ኋላ የቆመችውን ኦትዋን አገኛት። አያት። ከዚያ ወደ ናና ዞረ።

"ማንም አልላከኝም ናና። የራሴ ሆዳምነት ነው።"

ጉምጉምታ ተነሳ። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

"ማንም?"

"ማንም። እንዲያውም እማማ ኦትዋ ነገር ሸቷቸው፣ ኤኮ ተው፣ ማክሰኞ አትውጣ ብለው ከልክለውኝ ነበር። ይጠይቋቸው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

የሰው ሁሉ ፊት ዞረ። ኦትዋ በሕይወቷ ብዙ ዓይን ለምዳለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አይታ አታውቅም። ያ ቆዳው የተላጠ ልጅ፣ ውሃ እንኳ ጠግቦ ሳይጠጣ፣ እየዋሸላት ነው።

"ኦትዋ" አሉ ናና። "ልጁ ከልክላኝ ነበር ይላል። ከልክለሽው ነበር?"

"አልከለከልኩትም።"

"እማማ!" አለ ኤኮ ደንግጦ፣ በዓይኑ ዝም ይበሉ እያላት።

"ነግሬአቸዋለሁ ኤኮ። ሁሉም ያውቃሉ። አትድከም የኔ ልጅ።"

ኤኮ ዙሪያውን አየ። የናናን ፊት፣ የእናቱን ፊት አየ። ውሸቱ እጁ ላይ ቀረበት። ትንሽ ተንገዳገደ፣ ሊይዙት ሲሉ እሱ ግን ሆን ብሎ በዚያ በቆሰለ ጉልበቱ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበረከከ።

"እንግዲያው ናና፣ ይማሩልኝ። በጉን እኔ አመጣለሁ፣ ዳሱ ሥር የምቆመውም እኔ ልሁን፤ እሳቸውን ለእኔ ብለው ይማሩልኝ። እርስዎ አያውቁም ናና። ሌሊት እጄ ሲዝል ልለቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልለቅ ነበር። ግን አሁን እማማ ኦትዋ ተንበርክከው ስሜን እየጠሩ ነው አልኩ። እሳቸው ሳይተኙ እኔ እንዴት እለቃለሁ አልኩ። እስኪነጋ ያቆየኝ እሱ ነው። ይማሩልኝ።"

አጁዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ናና ዘንጋቸውን ከአሸዋው ነቀሉ።

"እሺ" አሉ። "ስለ አንተ ብዬ። በጉን ግን እሷው ታመጣለች፣ በራሷ እጅ። ተነስ፣ ደረቁን ርገጥ።"

"አሜን" አለች አጁዋ፣ ልጇን ከመሬት እያነሳች። "አሜን፣ አሜን" አሉ ሰዎቹ ሁሉ።

ኦትዋ ብቻ አላለችም። ማክሰኞ ሌሊት እንግዳውን ከሸኘች በኋላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። እስኪነጋም አልተኛችም፣ ይህ እውነት ነው። የኤኮን ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስል የነበረው ቢሞት ምን ብላ እንደምትመልስ ነው።

ያን ጊዜ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልነግረው ይገባል ብላ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ኤኮ በእናቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ ሲያልፍ አያትና፣ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ ብሎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አላት።

ፊቷን በጨርቋ ሸፈነች።